መረብ ውሃ ውስጥ ሳለ

ለጓደኛዬ ለሳምሶን ሚስት ልንጠይቅ ሦስት ሽማግሌዎች ሆነን መሪ ሰፈር ያለ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ወጣን። ከሦስታችን ሽበት ያላቸው ጋሽ ወርቁ ብቻ ናቸው። ደረጃው ላይ፣ "አንተ ቆመህ ብቻ አምር፤ አፍህን እንዳትከፍት" ብለውኛል።

የልጅቷ አባት አቶ ደባልቄ ጣና ላይ ዓሣ ሲያሰግሩ ኖረው የክልል ምክር ቤት የገቡ ሰው ናቸው። እዚያ በቆዩበት ዘመን ሁሉ አንድም ቀን ንግግር አላደረጉም ይባላል። ረጋ ያሉ ናቸው ተብለው የኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነው ነው ጡረታ የወጡት።

ጋሽ ወርቁ እንደ ወጉ ቆመው፣ "ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን መጥተናል" አሉ።

አቶ ደባልቄ ዝም።

"አይክፋችሁ" አሉ ድሮ አብረዋቸው መረብ ይስቡ የነበሩት ባለቤታቸው። "መረብ ውሃ ውስጥ ሳለ አይወራም እየተባለ ነው ያደገው።"

"ልጁ ደህና ሥራ አለው" ብለው ጨመሩ ጋሽ ወርቁ። ዝም።

"ሲግናል ሰፈር ጥሩ ቤት ተከራይቷል" አለ ሁለተኛው ሽማግሌ። ዝም።

ሰውየው ዓይናቸውን እንኳ አያርገበግቡም። ሳምሶን ታች መኪና ውስጥ ሆኖ መልስ ይጠብቃል። አንድ ነገር ካልተባለ ልጅቷን የምናጣት መሰለኝ።

"የመጀመሪያ ሚስቱንም የፈታት በሰላም ነው!" አልኩ።

ጋሽ ወርቁ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። እሳቸውም አልሰሙም ነበር።

አቶ ደባልቄ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብለው ባለቤታቸውን አዩ።

"በይ መረቡን ሳቢው፤ ከብዷል።"