ከደሴት ደሴት ስዞር አባቴ ተቀበረ

ይህ የሆነው ባለፈው ሰመር ነው። ንዴቱ ግን እስከ ዛሬ አልበረደልኝም። ቤተ ክርስቲያን የሚያገኙኝ ሁሉ «እርሺው በቃ፣ ላንቺው ብለው ነው» ሲሉኝ ጭራሽ ይብስብኛል። እስቲ አንባቢ ይፍረደኝ።

የምንኖረው አሜሪካ፣ ኢገን የምትባል ከተማ ነው። ደብል ሺፍት ስሠራ ዓመታት ስላለፉ ባለቤቴ ደረጀ «አንዴ እንኳ እንደ ሰው ትረፊ» ብሎ ሌክ ሱፒሪየር ዳር ጸጥ ያለ የጫካ ቤት፣ ኬቢን ያዘልን። ሐይቅ ይባላል እንጂ ማዶው አይታይም፤ ለእኔ ባሕር ነው። ጓደኛዬ ሮማንም ከነባሏ አብራን መጣች። ጠዋት ጠዋት በጀልባ ከደሴት ደሴት መዞር፣ ከሰዓት መተኛት፣ ሐሳባችን ይኸው ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ገነት ነበር። በማግስቱ ጠዋት ደረጀ «ስልክሽን ወዲህ በይ፣ ቫኬሽን ላይ ነን» ብሎ ወሰደብኝ። እኔ ሞኟ ደስ አለኝ! ባሌ አሰበልኝ ብዬ።

ከዚያ ወዲያ ሮማን ሥራ አላስነካ አለችኝ። ሰሃን ላጥብ ስል ትነጥቀኛለች። «ብዪ እንጂ፣ በሞቴ» እያለች ታጎርሰኛለች። ጀልባው ላይ ዘወር ስል ዓይኗ ቀልቷል። «ነፋሱ ነው» አለችኝ፤ አመንኳት።

አንዷ ደሴት ላይ ለመርከብ የሚያበራ ማማ አለ። እዚያ ሥር ላይፍ ጃኬቴን እንደለበስኩ፣ በሳቅ ፍርፍር እያልኩ ደረጀ ፎቶ አነሳኝ። «ለአባዬ ላክለት፣ ውሃ እንደምፈራ ያውቃል» አልኩት። አባቴ አዲስ አበባ ታሞ ከርሞ፣ ተሽሎታል ሲሉኝ ነው ሽርሽር የወጣሁት። ማታ «አየው?» ብዬ ጠየቅኩ። ደረጀም «አየው፣ ሳቀ አሉ» አለኝ።

ቤታችን በተመለስን ማግስት፣ ገና ሲነጋ በራችን ተንኳኳ። በመስኮት ሳይ ፓርኪንጉ በማውቃቸው መኪኖች ሞልቷል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ማንም ምንም ሳይለኝ «አባዬን!» ብዬ ጮህኩ።

አባዬ ያረፈው ኬቢኑ በገባን ማታ ነው። ወንድሜ ለደረጀ ደውሎ «አስከሬኑን ሆስፒታል አቆይተን እንጠብቃት ወይ?» ብሎታል። ባሌ ምን ቢመልስ ጥሩ ነው? «አትደርስም፣ ቅበሩት።» እኔን ሳይጠይቅ! እኔ አፍ የለኝም? ኤርፖርቱስ ከቤታችን አፍንጫ ሥር አይደል እንዴ? በዚያው ቀን ብነሳ እደርስ ነበር።

ስጮህበት «ዘመድ በሌለበት ጫካ ውስጥ መርዶ እንዴት ይነገራል? ማን ይይዝሻል? ሰው ተሰብስቦ በወጉ ትስሚ ብዬ ነው» አለኝ።

«ሳቀ ያልከኝስ?» አልኩት። የተቀበረ ሰው ሳቀ ብሎኝ፣ እኔም ደስ ብሎኝ ተኝቻለሁ እኮ!

መርዶ በወግ መነገሩን አልጠላም። ሰው ደርሶ ይደግፍሽ ማለት ደግ ነው። ግን ወጉ እንዳልወድቅ ሊይዘኝ ነው እንጂ ከአባቴ ቀብር ሊያስቀረኝ ነው እንዴ? አገር ቤትማ ለቀስተኛው «አልመጣም አለች፣ አሜሪካ ለምዳለች» ብሎ አማኝ። ወንድሜ ራሱ አምኖት ለሳምንታት ስልኬን አላነሳም። ሲያነሳም «ለአባዬ ጊዜ አጣሽ?» ነበር የመጀመሪያ ቃሉ። ነገሩን ስነግረው ሁለታችንም አለቀስን።

ሮማን እግሬ ላይ ወድቃ ይቅርታ ጠይቃኛለች። ከደረጀም ጋር ሽማግሌ ገብቶ ታርቀናል። አንድ ቤት እንኖራለን፣ አንድ ገበታ እንበላለን። አፌ ይቅር ብሎታል፤ ሆዴ ግን እምቢ ብሎኛል። ክፉ ሰው ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ይወደኛል፤ ወድዶኝ ነው የበደለኝ፣ እሱ ነው የሚያንገበግበኝ።

እናቴ አለችልኝ፣ ዕድሜ ይስጣት። ወንድሜን በእሷ ስም አስምዬዋለሁ። የሆነ ነገር ቢመጣ ሃይዌይ ላይ እየነዳሁም ቢሆን፣ ሥራ ላይም ብሆን የሚደውለው ለእኔ ነው። ለደረጀ እኔው እነግረዋለሁ፤ እሱንም አውሮፕላኑ ውስጥ ከገባሁ በኋላ።