በሳሙና የታጠበው ቀፎ

ከጎጃም ተመድቤ ሸዋ ሮቢት የገባሁ ሰሞን ቀድሞ የተዋወቀኝ ቢንቢ ነው። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር፤ እኔም አዲስ የሳይንስ አስተማሪ ነበርኩ። የማታ ጸሎቴን ሳደርስ እግሬን እየመረጠ ይነክሰኛል። አጠገቤ የተቀመጡትን አከራዬን፣ እትዬን ግን ዞር ብሎ አያያቸውም።

«የደገኛ ደም ለቢንቢ ፍሪዳ ነው» አሉኝ እየሳቁ።

«ሳይቀምሰው በምን አወቀ?» አልኩና ለተማሪዎቼ የማስተምረውን ነገርኳቸው። ቢንቢ በጨለማ የሚመራው በትንፋሻችንና በላባችን ሽታ ነው፤ የአንዱ እግር ከሌላው ይልቅ ይጠራዋል።

«ታዲያ እግርሽን ታጠቢያ!»

ታጥቤ ነበር።

እትዬ በዚያ ዓመት የሚያሳስባቸው ሌላ ነገር ነበር። ልጃቸው ምጥ ጠንቶባት ሳለ፣ በሰላም ከተገላገለች ከገዛ ንባቸው ሰም ጧፍ ሠርተው ለግንቦት ልደታ ሊያስገቡ ተስለው ነበር። ልጅቷ ተገላገለች፤ ሕፃኑም ዳዴ ማለት ጀመረ። ሟች ባለቤታቸው ከዋንዛ ግንድ የቦረቦሩት ቀፎ ግን ከዓመት ዓመት ንብ ሳይገባበት ግቢው ውስጥ ካለው የማንጎ ዛፍ ላይ ባዶውን ተሰቅሏል። ጧፍ ከገበያ ቢገዙስ የሚላቸው አልጠፋም። «እመቤቴን ላታልላት?» ይላሉ።

መስከረም ጠብቶ ማሽላው ሲያብብ ቀፎውን አወረድነው። የእመቤታችን ዕቃ ንጹሕ መሆን አለበት ብለው፣ እንደ ልማዳቸው በልብስ ሳሙና ያሹት ጀመር። እኔም ንጽሕና ስለምወድ እጅጌዬን ሰብስቤ አገዝኳቸው። ውስጡ የቀረውን ጥቁር ነገር በቢላ ፋቅን፤ ፀሐይ ላይ ስናሰጣው እንደ አዲስ አማረ።

በአጥር የምንዋሰናቸው ሙስሊም ጎረቤታችን ሣር የጫነች አህያቸውን እየነዱ ሲያልፉ ቆም አሉ። እሳቸውም ንብ አላቸው።

«ወላሂ እትዬ፣ እኔ ንብ ብሆን ክሊኒክ መስሎኝ መርፌ ፈርቼ እሸሻለሁ።»

«መርፌው ያለው ከንቧ ዘንድ አይደል እንዴ?» አሏቸው እትዬ።

ሳቅሁ። አፌን ልይዝ እጄን ሳነሳ ሳሙናው ሸተተኝና ሳቄ ቆመ።

«እትዬ፣ ቢንቢ እኔን እያሸተተ ካገኘኝ፣ ንብስ ቤቷን በምን ታገኛለች? የፋቅነው እኮ አሮጌ ሰም ነው። ‹እዚህ ንብ ኖሮበታል› የሚላት እሱ ነበር።»

እትዬ ቢላውን አዩ፣ ቀፎውን አዩ፤ በየዓመቱ የፋቁትን ሁሉ ያሰቡ ይመስለኛል።

«ጋሼ፣ እርስዎስ ቀፎዎን ያጥባሉ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«አጥቤም አላውቅ። ዕውቀት እንዳይመስልሽ፣ ስንፍና ነው» አሉኝ። ወደ እትዬ ዞረው ደግሞ «ከኔ አሮጌ ሰም ላምጣልዎት? ብቻ የኔ ንቦች ጾም አያውቁም፤ ኋላ እንዳይወቅሱኝ።»

«ረመዳንንም?»

«እሱንም።»

እትዬ ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያው የማንም አይደሉም፤ አምጣው።»

ሰሙን አቅልጠን የቀፎውን ውስጥ ቀባን፤ አፉን በጠጅ ሳር አሸን፤ በወይራ አጥነን መልሰን ሰቀልነው። ከዚያ ወዲያ ማንጎው ሥር ሽንኩርት መክተፍ ተከለከለ። እኔም ልብሴን ከጓሮ ሄጄ ነበር የማጥበው። አንዲት ንብ መጥታ ቀፎውን ዞር ዞር ብላ ስታየው፣ ገብታ ስትወጣ፣ እትዬ በሹክሹክታ ይጠሩኛል። «ቤት የምትከራይ ትመስላለች» ይሉኛል።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ግቢው ውስጥ ዝናብ ከሩቅ እንደሚመጣ ዓይነት ድምፅ ሰማን። መንጋው ማንጎው ላይ ነው። አንዳንዶቹ ቀፎው አፍ ላይ ቆመው፣ ጀርባቸውን አንስተው፣ ክንፋቸውን ያርገበግባሉ። በመጽሐፍ አንብቤው ነበር፤ ቀድመው የገቡት ከሰውነታቸው ሽታ አውጥተው ገና በአየር ላይ ያሉትን ኑ የሚሉበት ነው። በዓይኔ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ከአገሬ ርቄ ስለምኖር ይሁን አላውቅም፣ የኋለኞቹን የማይተዉ መሆናቸው ሆዴን አባባው። ነጠላዬን ተከናንቤ ቀረብ አልኩ። አየሩ ጠጅ ሳር፣ ጠጅ ሳር ይሸታል፤ ያሸንበት ሳር ግን ከደረቀ ሰንብቷል።

«የራሳቸው ሽታ ነው» አልኳቸው።

እትዬ እልልታቸውን በነጠላቸው አፈኑት፤ ንቦቹ እንዳይደነግጡ።

ለግንቦት ልደታ ሰሙ ደረሰ። የጧፉን ክር የጎረቤታችን ሚስት ፈተሉልን፤ እትዬና እኔ አንድ ቀን ሙሉ ስንነክርና ስናድበለብል ዋልን። አንዳንዱ ጧፍ ተንሻፎ ነበር፤ እትዬ ግን ከቀናው ይልቅ እሱን ነበር የሚያሳዩት።

ቤተ ክርስቲያን ደርሰን የመጀመሪያውን ሲያበሩት ሰሙ ሞቀና ሸተተ። ወዲያው በመስኮት አንዲት ንብ ገብታ በጧፉ ዙሪያ ትዞር ጀመር። እሽ ብዬ ላባርራት እጄን ሳነሳ እትዬ ያዙኝ።

«ተያት» አሉኝ በጆሮዬ። «ንብረቷን ልታይ መጥታ ነው።»