ቤት የሚሠሩት ትሎች

ልጆች ሳለን እኔና ታላቅ እህቴ ከላሊበላ በታች ባለው ወንዝ ድንጋይ እየገለበጥን ትናንሽ ትሎች እንፈልግ ነበር። ትሎቹ ከአፋቸው በሚወጣ ድር የአሸዋ ቅንጣት አጣብቀው፣ ከስንዴ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ ቤት ይሠሩና እሱን ለብሰው ይኖራሉ። ሲያድጉ ክንፍ አውጥተው ይበራሉ፤ ቤቱ ባዶውን ይቀራል። ባዶውን ለቅመን፣ በክር ሰክተን አንገታችን ላይ እናጠልቀው ነበር።

ካቻምና ጥቅምት፣ የክረምቱ ድፍርስ ሲጠራ፣ ይህንኑ ለልጄ ላሳያት ወረድኩ። ድንጋዩን ስይዘው እጄን አንሸራተተኝ። ከሥሩ ጥቁር ዝቃጭ አለ፤ በዝቃጩ ውስጥ እንደ ክር የቀጠኑ ቀያይ ትሎች ይርመሰመሳሉ። ሌላ ነፍስ ያለው ነገር የለም። ሌላም ድንጋይ ገለበጥኩ፤ ያው ነው። ውኃው በረኪና በረኪና ይሸታል።

«እማዬ፣ እነሱ ናቸው?» አለችኝ።

«አይደሉም።»

ያመነችኝ አልመሰለኝም። እልህ ያዘኝና ሽቅብ፣ ከሆቴሎቹ በላይ፣ ውኃው ከተራራው ወደሚወርድበት ወሰድኳት። እዚያ አሉ። ልጄ በደስታ ጮኸች። ጥቂቶቹን ከነውኃቸው በጣሳ ቀዳን። «ወደ ድሮ ሰፈራቸው እንመልሳቸው» ያለችው እሷ ናት፤ እሺ ያልኩት ግን እኔ።

ታች ስንደርስ፣ እንዲለምዱት ብለን ከወንዙ ውኃ ጣሳው ላይ ጨመርንበት። ትንሽ ቆይቶ ትሎቹ ከቤታቸው መውጣት ጀመሩ። ድሮ በጣታችን ብንጎትታቸው እንኳ እንቢ ይሉን ነበር። አሁን በገዛ ራሳቸው፣ ነጭ ገላቸው እየታየ ወጡ፤ ጥቂት ተጠማዘዙና ቀጥ አሉ። ልጄ አለቀሰች።

እህቴ ከኛ ትንሽ ከፍ ብላ እያጠበች ነበር። ባሏ ከሞተ ወዲህ የሆቴል አንሶላ እያጠበች ልጆቿን ታሳድጋለች። ለቅሶውን ሰምታ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች። ጣሳውን ተቀብላ ወደ ውስጥ ተመለከተች።

«የኛዎቹ ናቸው?»

«አዎ፣ እታለም።»

«በረኪናው ነው?»

«እሱ ብቻ አይደለም። የሆቴሎቹም ፍሳሽ አለበት» አልኳት።

«ታዲያ የት ልጠብ? ቧንቧው እንደሆነ አይመጣም። አንሶላው ካልነጣ ደግሞ ሌላ ሰው ይቀጥራሉ» አለች። አልተቆጣችም።

በማግስቱ ከወንዙ ራቅ ብለን ጉድጓድ ቆፈርን። አሁን ውኃውን በባልዲ እያመላለሰች እዚያ ታጥባለች፤ እጣቢውንም ጉድጓዱ ውስጥ ትደፋዋለች። ወገቧን ግን ጎድቷታል። ከላይ የሚመጣው ፍሳሽ ዛሬም አልቆመም፤ ሌሎቹም አጣቢዎች እዚያው ወንዙ ዳር ናቸው። ዘንድሮም ወርጄ ድንጋይ ገልብጬ ነበር፤ ያገኘሁት ቀያዮቹን ብቻ ነው። ልጄን አብረን እንሂድ ብላት፣ «ይቅርብኝ፣ እማዬ» አለችኝ።