ጠዋት የተለካ ጫማ

ልጆቹ ንገሪን አሉኝ። ልጆቹ የምላቸው አሁን ጋምቤላ ገበያ ሸራ ዘርግተው ጫማ የሚሸጡትን ነው። «እማማ የሺ፣ ጫማ በእጅሽ ነክተሽ ብቻ ታውቂያለሽ ይባላል፤ እንዴት አድርገሽ ነው?» ይሉኛል። በእጅ ብቻ አይታወቅም። እሱን ልነግራቸው ነው የጀመርኩት።

ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት በሰፈራ ጣቢያ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። የምጽፈውም እንደምናገረው ነውና ከመንገድ ብወጣ ታገሱኝ። ከመንገድ መውጣት የቆየ አመሌ ነው።

ከወሎ በሰፈራ የመጣን ነን። ባሌ ሲሞት ማሳውን ለወንድሙ ትቼ ወደ ከተማ ወጣሁ። ጋሽ ሙሄ የሚባል ያገሬ ሰው የሰልባጅ ጫማ ነጋዴ ነበርና እሱ ዘንድ ሥራ ገባሁ። የመጀመሪያ ቀን ቦንዳውን በቢላ ቀዶ መሬት ላይ ዘረገፈውና «በይ፣ ባልና ሚስቱን አገናኚ» አለኝ። ግራና ቀኙን ማለቱ ነው። እስከ ምሳ ስፈልግ ቆየሁ። አሥራ አንድ ጫማ ያለ ጥንድ ቀረ።

«እነዚህስ?» አልኩት።

«እነሱማ እንዳንቺ ናቸው» አለና ሳቀ። ባሌ ከሞተ ገና ስድስት ወሩ ነበር። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ።

ክፉ ሰው ግን አልነበረም። ሥራውን አንድም ሳይደብቅ አስተምሮኛል። ጫማ ስትይዙ መጀመሪያ አጥፉት። ጣት በሚታጠፍበት ቦታ ከታጠፈ ደህና ነው። መሐሉ ላይ ከታጠፈ ወገቡ ተሰብሯል፤ ተዉት። ቀጥሎ የታጠበ ልብስ እንደምትጨምቁ ጠምዝዙት። ቀጥሎ ተረከዙን በሁለት ጣት ጫኑት። መጨረሻ ላይ እጃችሁን እስከ አፍንጫው አስገቡና ገበሩን ዳብሱ። ስፌቱ ያበጠበት ቦታ ካለ እግርም እዚያው ላይ ይላጣል።

ሰው የሩጫ እስኒከር ሲገዛ ሶሉን በአውራ ጣቱ ይጫንና ለስላሳውን ይመርጣል። ለስላሳ ሶል ለመግዣው ቀን ጥሩ ነው። በየቀኑ ለሚሮጥ ሰው ግን በወሩ ተጨፍልቆ ያልቃል። ጠንካራው መጀመሪያ ቀን ሳንቃ የረገጡ ያስመስላል፤ በሳምንቱ እግር ይለምደዋል፤ በዓመቱም ውፍረቱ ያው ነው። አንድ ነገር ብቻ አለው። ለስላሳው ልክ ላይ ብትሳሳቱ ትንሽ ይሰፋላችኋል። ጠንካራው አይሰፋም።

ስለዚህ ለጠንካራ ጫማ ልኩ ከሰዓት በኋላ ነው የሚወሰደው። ጋምቤላ ሙቀት ነው። ጠዋት ያያችሁት እግርና ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ያያችሁት እግር የአንድ ሰው አይመስልም። ችግሩ እዚህ አገር ሁሉም ጉዳይ የሚሠራው ጠዋት መሆኑ ነው። ቢሮው ጠዋት ነው፣ ገበያው ጠዋት ነው፣ ለቅሶው እንኳ ጠዋት ነው። ከሰዓት ሰው ጥላ ፍለጋ ይሄዳል። ጋሽ ሙሄ ጠዋት ጫማ መለካት ለሚፈልግ የሩቅ መንገደኛ እንኳ «ሂድ፣ ተዘዋውረህ ና» ይለው ነበር። ደንበኛ ይቆጣል። እሱ ግድም የለው።

ጋሽ ሙሄ ወደ አገሩ ሲመለስ ቦታውን ለኔ ተወልኝ። ያኔ ጋምቤላ ክልል ከተባለች ገና ሁለት ሦስት ዓመቷ ነው። መሥሪያ ቤት በየጊዜው ይከፈታል፤ ማኅተሙ ከወንበሩ ቀድሞ ይደርሳል። ከነዚህ አንዱ መሥሪያ ቤት ሯጮች መርጦ አዲስ አበባ ሊያወዳድር ተነሣ። አዲስ የሩጫ ጫማም በካርቶን መጣለት። አሰልጣኙ ኡመድ ከኔ ዘንድ ነበር ጫማ የሚገዛው። እሱ ነገራቸውና «ጫማውን አይታ፣ ለልጆቹ ለክታ፣ ይሆናል አይሆንም ትበለን» ተብዬ ተጠራሁ።

ገበያው ሳቀብኝ። «ተነሡ ተነሡ፣ የመንግሥት እግር ለኪ እያለፈች ነው!» ይሉኝ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ነጠላዬን አጥቤ ሄድኩ።

የንብረት ክፍል ኃላፊው አቶ ግርማ ይባላሉ። ገና በአንድ ሰዓት ተኩል ልጆቹን በረንዳው ላይ አሰልፈው ጠበቁኝ። ጫማውን ያዝኩ። አጠፍኩት፣ ጠመዘዝኩት፣ ተረከዙን ጫንኩት፣ ገበሩን ዳበስኩት። እንከን የለውም። ጠንካራ ነው፤ ለየቀን ልምምድ የተሠራ ነው። እንዲህ ያለ ጫማ ከዚያ በፊት በእጄ አልገባም።

«ጫማው ጥሩ ነው» አልኳቸው። «ልኩን ግን ከሰዓት ልምጣና ልውሰድ።»

«ለምን?»

«እግር ከሰዓት ያብጣል።»

«እትዬ የሺ፣ ውድድሩ አዲስ አበባ ነው፤ ብርድ ነው። እዚያ የማን እግር ያብጣል?»

«ልምምዱስ? የሚለማመዱት እዚህ አይደለም?»

«ልምምዱን ጠዋት ያድርጉታ።»

ኡመድ ከኋላ ሆኖ «ተማሪዎች ናቸው ጌታዬ፤ ከትምህርት ቤት የሚለቀቁት ከሰዓት ነው» አላቸው። አቶ ግርማ ሰዓታቸውን አዩ። «ዛሬ ከምሳ በፊት ሞዴል 22 ተፈርሞ ዕቃው ወጪ መሆን አለበት። ነገ የለሁም» አሉ። በዚህ አለቀ።

ከልጆቹ መካከል ኛማል የምትባል ነበረች። የኑዌር ልጅ ናት፣ የኒውላንድ ሰፈር ልጅ፤ ረጅም፣ ዝምተኛ። ኡመድ ቀደም ብሎ በጆሮዬ «እቺን አደራ፤ ከተመረጠች አዲስ አበባ ያለ ክለብ ሊቀጥራት ይችላል፤ አባት የላትም፣ እናቷን የምትረዳው እሷ ናት» ብሎኝ ነበር። ከዝርዝሩ ላይ የተጻፈላት ቁጥር አነሰብኝ።

«ይህን ቁጥር ማን ነገራቸው?» አልኳት።

«እኔ።»

«ከየት አወቅሽው?»

አንድ እግሯን አንሥታ የኮንጎ ጫማዋን ታች አሳየችኝ። ከላስቲኩ ላይ አንብባ ነው የነገረቻቸው። ከኮንጎ በቀር የተዘጋ ጫማ አድርጋ አታውቅም። ኮንጎ ደግሞ በሙቀት ይለሰልሳል፤ እግር ወደፈለገበት ይገፋዋል። በሱ ቁጥር ጠንካራ ጫማ አይለካም።

አጠለቅሁላት። ከአውራ ጣቷ ፊት የግማሽ ጥፍር ያህል ቦታ አለ። ለደጋ ይበቃል። ለጋምቤላ፣ ለዚያውም ለጠንካራ ጫማ፣ አይበቃም። በሲሚንቶው ላይ ወዲያና ወዲህ አስኬድኳት።

«ያምሻል?»

«ጥሩ ነው ማማ።»

«ጣትሽን ነካሽ?»

«ጥሩ ነው።»

አቶ ግርማን ለዚች ልጅ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ስጡልኝ አልኳቸው። ዝርዝሩ ተተይቦ ማኅተም አርፎበታል፤ ትልቁ በሌላ ልጅ ስም ወጥቷል አሉኝ። «እሷ ራሷ ጥሩ ነው እያለች አንቺ ምን ቤት ነሽ?» አሉኝ። ቀጥለው ወረቀት አቀረቡልኝ። «ጫማው ተመርምሮ፣ በልክ መሆኑ ተረጋግጦ» ይላል። አንብቤዋለሁ፤ አላነበብኩም አልልም። ከስሜ በላይ «ባለሙያ» ተብሎ ተጽፏል። ያቺን ቃል ደጋግሜ አየኋት። ፈረምኩ።

ስንወጣ ኛማልን በር ላይ ያዝኳት። «ስሚኝ። ሮጠሽ ስትጨርሺ፣ እግርሽ እንደጋለ፣ ጫማውን ይዘሽ ገበያ ነይ። ፎርማ አለኝ» አልኳት። ፎርማ የምንለው የእንጨት እግር ነው፤ እርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎበት ጫማ ውስጥ ሲገባና ሁለት ቀን ሲቆይ አፍንጫውን ጥቂት ይከፍተዋል። የክሩንም የፊት ቀዳዳ መዝለል ይቻላል። በነዚህ ሁለቱ ጫማው ይድን ነበር። «እሺ ማማ» አለች። በዚያው ቀን ወደ ማታ ብቅ ትላለች ብዬ ጠበቅኋት፤ አልመጣችም።

በማግስቱ ወደ ማታር የሚሄድ አይሱዙ ተገኘ። ማታር የሱዳን ድንበር ላይ ነው፤ ከወዲያ የሚመጣ ሰው ጫማ ይፈልጋል። እኔ ደግሞ መኪና ሲነሣ አይቼ መቀመጥ አልችልም። ሦስት ቀን ብዬ ሄድኩ። እዚያ ሳለሁ የመጀመሪያው ዝናብ ጣለና መሬቱ ጭቃ ሆነ፤ መኪናው ተያዘ። ሦስት ሳምንት ሆነኝ።

ስመለስ የሯጮቹ ምርጫ አልፏል። ያገኘሁት ኡመድን ነው፤ ሰላምታም አልሰጠኝ።

«ወጣች» አለኝ።

«ማን?»

«ኛማል ናታ! ስድስተኛው ዙር ላይ ከሜዳው ወጣች። የሁለቱም አውራ ጣቶቿ ጥፍር ተነቅሏል። ሲጠቁር እንኳ ለማንም አልነገረችም።»

ወደ አቶ ግርማ ሄድኩ። ተናገርኳቸው፤ የልቤን ያህል ግን አልተናገርኩም። መሳቢያቸውን ስበው ወረቀቷን አወጡ። «ይህ የማን ፊርማ ነው?» አሉ። የኔ ነው። «እንግዲህ ባለሙያዋ አንቺ ነሽ።» እሳቸው በዓመቱ ወደ ተሻለ መሥሪያ ቤት ተዛወሩ። ወረቀቷ እዚያው ፋይል ውስጥ ቀረች።

ኒውላንድ ቤቷ ሄድኩ። እናቷ በርጩማ ሰጠችኝ። ኛማል እግሯን በጨርቅ ጠቅልላ ከዛፉ ሥር ተቀምጣለች። ጫማው አጠገቧ ነው፤ ወደ ግምጃ ቤት ሊመለስ ታጥቦ፣ ክሩ ታስሮ። እጄን አስገባሁ። ገበሩ ከፊት በኩል ደርቆ እንደ ቅርፊት ሆኗል። ሶሉን ተጫንኩት፤ እንደመጣበት ቀን ነው።

«ለምን ያምመኛል አላልሽም?» አልኳት።

«ጫማው ጥሩ ነው ማማ። እግሬ ነው መጥፎ።»

እናቷ በኑዌርኛ አንድ ነገር ተናገረች፤ ኛማል አልተረጎመችልኝም። ነይ ብዬሽ ለምን አልመጣሽም ብዬ ልጠይቃት ነበር። ስለ እግሯ እንዲያ ካለች በኋላ ግን ተውኩት። ተነሥቼ ሄድኩ። ሩጫውን በዚያው ተወችው። ክለቡ የወሰደው ሌላ ልጅ ነው።

ከዚያ በኋላ ሰው በገበያ ይህን ነገር ሲያነሣብኝ መልስ ነበረኝ። «ነይ ብያታለሁ፤ አልመጣችም» እላለሁ። ብዙ ዓመት ያልኩት ይህንን ነው። መጀመሪያ ለሰው ነበር የምለው፤ በኋላ ለራሴ ሆነ። ለእናንተም ለሻጮቹ እንደ ምሳሌ እነግራችሁ ነበር፦ ደንበኛ ምክር ካልሰማ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ እያልኩ። ያንን ያስተማርኳችሁን ተዉት።

ሥራው ይሄ ነው። ጠንካራ ጫማ ከሰዓት ለኩ። በሲሚንቶ ላይ ሳይሆን በሚሮጥበት መሬት ላይ አስኬዱ። ጥሩ ነው ቢላችሁም እግሩን እዩ። ከለካችሁ በኋላ ቢያንስ አሥር ቀን ከቦታችሁ አትጥፉ። ይህችን የመጨረሻዋን ጋሽ ሙሄ አላስተማረኝም። ያስተማረችኝ ኛማል ናት፤ እሷም በቅርቡ።

የልጄ ልጅ ከኢታንግ አልፎ ኩሌ የስደተኞች ካምፕ ተቀጥሮ ነበርና ልጠይቀው ሄድኩ። ራሽን የሚሰጥበት ሰልፍ ጋ አንዲት ረጅም ሴት መታወቂያ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ከኑዌርኛ ወደ አማርኛ ታስተረጉማለች። እኔ አላወቅኋትም። እሷ አወቀችኝ።

«ማማ የሺ! አሁንም እየዞርሽ ነው?»

«ማነሽ ልጄ?»

«ኛማል ነኝ፤ የጫማዋ።»

ወንበር አመጣችልኝ፣ ውሃ አጠጣችኝ፣ ስለ ልጆቿ ነገረችኝ፤ አራት ናቸው። ቂም ያለባት አትመስልም። ያ ነው ድፍረት የሰጠኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ያፈንኩትን ጠየቅኋት፦ «ያኔ ገበያ ነይ ብዬሽ ለምን ቀረሽ?»

ግራ ገብቷት አየችኝ። «እኔማ መጥቼ ነበር» አለች። «የመጀመሪያ ቀን አልሮጥንም፤ ሩጫው የተጀመረው በማግስቱ ነው። አንቺ እግርሽ እንደጋለ ነይ ብለሽኛል። ሮጬ መጣሁ፤ የለሽም። ትመለሻለሽ ብዬ አንቺ ሸራ የምትዘረጊበት ቦታ ቁጭ አልኩ። በነገውም መጣሁ።»

«ማንን ጠየቅሽ?»

«ማንንም። ትመጪያለሽ ብዬ።»

ዘጠኝ ቀን መጥታለች። ከልምምድ በኋላ፣ ገበያው ጭር ባለበት ሰዓት፣ ጫማውን በእጇ ይዛ፣ ፀሐይ እስክትገባ።