ከሻይ ቅጠል የተሠራው ክኒን

ነገሩ የጀመረው ሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ታላቅ እህቴ ሰናይት ፊቷን ልትታጠብ ወደ ግቢ ስትወጣ ነው። ፀሐይ ሲያርፍባት የዓይኗ ነጭ ቢጫ ሆኖ አየሁት። ሰሞኑን አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የአረንጓዴ ሻይ ክኒን ልትጀምር መሆኑን ነግራኝ “ሻይ እኮ ነው” ስትለኝ፣ ያ ጠዋት ትዝ አለኝ።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ወደ ሞያሌ የተመለስኩበት ዓመት ነበር። ዐቢይ ጾም ነው፤ ዝናቡ ገና አልመጣም፣ የሰፈራችን የማንያታ ቆርቆሮ ጣሪያዎች አቧራ ለብሰዋል። የሰናይት ሠርግ ለፋሲካ ማግስት ተቆርጧል። ቬሎው ወገቧ ላይ አልዘጋ ቢላት፣ ፀጉር ቤት ያላት ጎረቤታችን ማማ ናሆም ከአረንጓዴ ሻይ የተሠራ የሚያከሳ ክኒን ሸጠችላት። ማማ ናሆም ለጿሚዎች የራሷ ትምህርት ነበራት፦ መድኃኒት ጾም አያስፈታም፤ ይኼ ደግሞ የሚሠራው በባዶ ሆድ ነው። ስለዚህ እህቴ በጠዋት በውሃ ትውጠዋለች፤ እህል የምትቀምሰው ግን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ ያውም ከቦሎቄ ጋር የተቀቀለ በቆሎ። ሲያቅለሸልሻት ጾሙ ነው አልን። ሽንቷ ሲጠቁር ሙቀቱ ነው አልን።

ዓይኗን እንዳየሁ የክኒኑን ብልቃጥ ይዤ ወደ ፀጉር ቤቱ ሄድኩ። እኔ ሰው ፊት ቃል የሚጠፋኝ ሰው ነኝ። ማማ ናሆም የአንዲት ሴት ፀጉር ትሠራለች፤ ሌሎች ተራ ይጠብቃሉ። ያየሁትን በዝግታ ነገርኳት።

“የወፍ በሽታ ነዋ” አለች ቀና ሳትል። “የሌሊት ወፍ አልፎባት ነው። ሁለት ሁለት ትዋጥ፤ ጉበት ያጥባል።”

“ከክኒኑ ቢሆንስ፣ ማማ?”

“ሻይ ማንን ገደለ? ይሄን ሁሉ ዓመት የተማርሽው ሻይ መፍራት ነው?”

ሴቶቹ ሳቁ። አንዷ፣ ሙሽራዋ ወርቅ መስላ ትገባለች ብላ ጨመረችበት።

ቤት ስደርስ ማማ ናሆም ቀድማ ደውላላት ኖሮ፣ ሰናይት ሁለቱን ክኒኖች መዳፏ ላይ ይዛ ውሃ ትቀዳለች። እጇን መትቼ በተንኳቸው። ታላቄን መትቼ አላውቅም ነበር። ከእናታችን ጋር ሆነን መኪና ተሳፈርን፤ ከአስፋልቱ ወጥተን ሆስፒታል ወዳለባት ሶሎሎ በሚያስገባው ኮረኮንች ላይ እህቴ በየመታጠፊያው ታስመልሳለች።

ሐኪሙ ደሟን አስመርምሮ ጉበቷ ክፉኛ መቆጣቱን ነገረን። ሌሎቹን ምክንያቶች ካጣራ በኋላ የምትውጠውን ጠየቀ፤ ብልቃጡን ሰጠሁት። በስኒ የሚጠጣ ሻይና ተጨምቆ ክኒን የሆነ ሻይ አንድ እንዳልሆኑ አስረዳን። ብዙ ሰው ምንም ሳይሆን ይውጠዋል፤ የሚጎዳው ሰው ግን የሚጎዳው ጉበቱን ነው፤ በባዶ ሆድ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ቀጥላበት ቢሆን ጉበቷ ጨርሶ ሥራ ሊያቆም ይችል ነበር። አሁንም ገና አልለየለትም አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ “ሌላ የሚወስድ ሰው አለ?” አለኝ።

ሰናይት ከብዙ ሳምንት በኋላ ዳነች፤ ሠርጓም ዘግይቶ ተደረገ። ማማ ናሆም ዛሬም ወፍ ነው ያለፈባት ትላለች፤ እህትሽ እንዴት ናት ብላ አንድ ቀን አልጠየቀችኝም። ታረቂ የሚሉኝ አሉ። ከሻይ አልተጣላሁም፤ አሁንም እጠጣለሁ። የተጣላሁት ሰው እየታመመ “ተፈጥሮ ነው” እያለ ከሚሸጥ ጋር ነው፤ ይህን ጥል ደግሞ መተው አልፈልግም።

ሶሎሎ በደረስን ማግስት ጠዋት ግን እህቴ እንደምትተርፍ ገና አላወቅንም ነበር። እናቴን አጠገቧ ትቼ በመጀመሪያው መኪና ተመለስኩና የማማ ናሆም በር ላይ ተቀመጥኩ። ለምትመጣው ሴት ሁሉ፣ “እህቴ ሶሎሎ ተኝታለች፤ በባዶ ሆዷ የዋጠችው እዚህ የሚሸጠውን ክኒን ነው” አልኩ። ማማ ናሆም መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥላ፣ “እህቷ ልታገባ ስለሆነ ቀንታ ነው” አለች። በመጨረሻ ፀጉር ያጠበችበትን ውሃ እግሬ ላይ ደፋችው። ጫማዬን አራግፌ እዚያው ተቀመጥኩ።

ከቤተ ክርስቲያን የምትመለስ አንዲት ሴት ነጠላዋን ሰብስባ አጠገቤ ቁጢጥ አለች።

“ማሳከክስ ከክኒኑ ነው?” አለችኝ በሹክሹክታ። “እኔም እውጠዋለሁ፤ ሰውነቴን ሌት ተቀን ያሳክከኛል።”

ሐኪም እንዳልሆንኩ ነገርኳት። እጇን ይዤ ወደ ሶሎሎ መኪና ወሰድኳት።