የዱባዩና የጀርመኑ ላፕቶፕ

የ2016 ዓ.ም. ክረምት ነበር። ልጄ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቷን ጨርሳ አርክቴክቸር ደረሳት። እንጦጦ ማርያም ወጥቼ ምስጋናዬን አድርሼ ተመለስኩ። ወዲያው ግን ለልጄ አንድ ነገር ተነገራት፤ ትምህርት ሲጀመር እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ላፕቶፕ ይዞ መምጣት አለበት። የሕንፃ ንድፍ የሚሠራበት ፕሮግራም ከባድ ስለሆነ ተራው አይችለውም። እኔ የምኖረው በልብስ ስፌት ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ የምገዛበት አቅም አልነበረኝም።

የምንኖረው የባሌ እናት በነበረ ግቢ ውስጥ፣ በኋላ በኩል ባለው ቤት ነው። ባሌ ሞቷል። የፊቱን ቤት የያዘችው ታላቅ እህቱ ናት፤ እኔ እትዬ እላታለሁ። ጀርመን አንድ ወንድ ልጅ አላት። እኔ ደግሞ ዱባይ ታናሽ እህት አለችኝ፤ ሰው ቤት ምግብ ታበስላለች። ልጄ ላፕቶፕ እንደሚያስፈልጋት በሁለቱም በኩል ተሰማ። በሁለቱም በኩል «እኛ እንገዛላታለን» ተባለ።

ይህ ለሌላ ቤት ደስታ ነው። ለእኛ ቤት ጠብ ሆነ።

እትዬ ለልጄ የሰጠችው ነገር ሁሉ ምላሽ ይጠየቅበታል። ዩኒፎርም የገዛችላት ጊዜ፣ ከቅዳሴ የሚወጣው ሰው ሁሉ እስኪሰማ «እኔ ነኝ የማሳድጋት» ትል ነበር። ስልክ የገዛችላት ጊዜ ደግሞ ልጄ ቅዳሜና እሁድ እሷ ቤት ማደር ጀመረች። ስልኩ እስኪሰበር ድረስ አደረች። አሁንም ወሬው ሳይበርድ ግቢው መሀል ቆማ ጠራችኝ።

«ልጄ ይገዛላታል። ግን እኔ ቤት ትግባ። ዋይፋዩም እኔ ጋ ነው፤ ክፍሉም ባዶውን ነው። አንቺ ጋ የስፌት መኪና እየተንኳኳ ምን ታጠናለች?»

«እስከ ዛሬስ የት አጠናች፣ እትዬ?» አልኳት።

«የወንድሜ ልጅ ናት።»

«የኔም ናት።»

ሌላ አልተነጋገርንም። ነገሩ ግን ገብቶኛል። ላፕቶፑን ከሷ ከተቀበልኩ በምትኩ ልጄን ነው የምሰጣት።

በዚያው ሳምንት ከሁለቱም አገር ፎቶ በቴሌግራም መጣ። ልጄ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋ አሳየችኝ። አንድ ናቸው። ስማቸው አንድ፣ ቀለማቸው አንድ፣ ክዳናቸው ላይ ያለው ምልክት አንድ።

«ታዲያ ምኑን ነው የምንመርጠው?» አልኳት።

«ስሙ ነው አንድ፣ እማ። ከስሙ ቀጥሎ ያሉትን ትንንሽ ቁጥሮች እያቸው፤ እነሱ ይለያያሉ። ለየአገሩ እያስተካከሉ ነው የሚሸጡት።»

ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። የጀርመኑ ስክሪኑ ጥሩ ነው፤ ቀለሙን አጥርቶ ያወጣል። ሜሞሪው ግን የዱባዩን ግማሽ ነው፤ ቦርዱ ላይ ተበይዶ ስለመጣ በኋላ አይጨመርበትም። ያ የንድፍ ፕሮግራም ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚፈልገው ሜሞሪ ነው። የጀርመኑ ኪቦርድ ላይ ሁለት ፊደላት ቦታ ተለዋውጠዋል፤ ነጥብ የተደረገባቸው የጀርመን ፊደላትም አሉበት። የዱባዩ እንግሊዝኛው እንደለመድነው ነው፤ ከየፊደሉ ጎን ግን ዐረብኛ ተጽፎበታል። የጀርመኑ ቻርጀር እኛ ግድግዳ ላይ ይገባል። የዱባዩ ባለ ሦስት ጥርስ ነው፤ አዳፕተር ይፈልጋል።

«ቢበላሽስ?»

«የጀርመኑ ዋስትና ጀርመን ነው፤ የዱባዩ ዱባይ። እዚህ ሁለቱም ዋስትና የላቸውም።»

«አንቺ የትኛውን ትፈልጊያለሽ?»

ፎቶዎቹን እንደገና አየቻቸው። ከየትኛው ላፕቶፕ ጋር የትኛዋ ሴት እንደምትመጣ አሳምራ ታውቃለች። ቆይታ፣ «ለሥራው የዱባዩ ይሻላል» አለች። «አክስቴን ለመሸሽ ብዬ አይደለም ደግሞ።»

«ብለሽም ቢሆን አልቆጣሽም» አልኳት።

የእህቴ ጓደኛ ከዱባይ ለፍልሰታ ልትመጣ ስለነበር መልሱ ቶሎ ይፈለግ ነበር። እኔም ለእህቴ «ላኪው» አልኳት። እትዬ ግን የሰማችው ሱቅ በር ላይ ነው።

ከበራችን አጠገብ ሱቅ ያላት ጎረቤታችን ሙስሊም ናት። ባሌ ሲሞት ሱቋን ዘግታ ከጎኔ የተቀመጠች ሴት ናት፤ ውለታዋን አልረሳም። አዳፕተር እንዳላት እየጠየቅኳት ሳለ እትዬ ከኋላዬ መጣች።

«የምን አዳፕተር ነው?»

«የዱባዩን መርጠናል፣ እትዬ። ልጅዎን እግዚአብሔር ይስጥልን ይበሉልኝ።»

ፊቷ ተለዋወጠ። «የሰው ቤት ሽንኩርት ስትከትፍ የምትውል ሴት ስለ ኮምፒውተር ምን ታውቃለች? የዱባይ ዕቃ ፎርጅድ መሆኑን አገር ያውቀዋል። የኔ ልጅ ኢንጂነር ነው!»

«እሱንም ጠይቀነዋል» አልኳት። «ለሥራሽ የዱባዩ ይሻልሻል ያላት ራሱ ነው።»

ይህን መስማት አልፈለገችም። ባለሱቋ ነገሩን ለማብረድ ገባች። «ኧረ እትዬ፣ ሁለቱም ቻይና ነው የሚሠሩት። አንዱ በዱባይ አንዱ በጀርመን ዞሮ መጣ እንጂ ወንድማማች ናቸው።»

እትዬ ወደ እሷ ዞረች። «አንቺማ ምን አለብሽ፤ ያንቺ ፊደል ነው ያለበት! የዐረብ ፊደል የተጻፈበት ዕቃ ክርስቲያን ቤት አይገባም።»

ባለሱቋ ሳቀች። «አብሽሩ እትዬ፣ ፊደል አይናከስም። ባለፈው ከኔ የወሰዱት የቴምር ካርቶን ላይም ተጽፎበታል፤ እስካሁን የነከሰዎት የለም።»

እኔ አልሳቅኩም። አፈርኩ። ይህ ቃል አጠገቤ ቆማ ከምታስቀድስ ሴት አፍ መውጣቱ አሳፈረኝ።

«ሃይማኖታችንን አያስገቡበት፣ እትዬ» አልኳት። «እኔን መጥላት ከፈለጉ በቀጥታ ይጥሉኝ።»

«ጠልቼሻለሁ!» አለች። ሰው እያለፈ፣ እየሰማ።

ላፕቶፑ ፍልሰታ ከመግባቱ በፊት ደረሰ። መንገደኛዋ በልብስ ጠቅልላ፣ ከጭኗ ሳታወርድ ነው ያመጣችው። እንደ ልማዳችን ጣቴን ጸበል አስነክቼ ክዳኑ ላይ መስቀል አደረግኩበት። ልጄ ከስፌት መኪናዬ ጎን ካለችው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ነሐሴን ሙሉ ፕሮግራሙን ስትለማመድ ከረመች። አንድ ቀን የሠራችውን ቤት አሳየችኝ፤ ትልልቅ መስኮት ያለው፣ ብቻውን የቆመ ቤት።

«የማን ነው?»

«ያንቺ ነው፣ እማ። አየሽ፣ ግቢው ውስጥ ሌላ ቤት የለም።»

እትዬም ነሐሴን ሙሉ አላረፈችም። የዋይፋዩን የይለፍ ቃል ቀየረች። የመብራት ቆጣሪው እሷ ቤት ግድግዳ ላይ ስለሆነ፣ ልጄ ሥራ ስትጀምር «ቆጣሪው ጋለ» ብላ ታጠፋዋለች። ልጄም ባትሪው እስኪያልቅ ትሠራና ትዘጋዋለች። ይባስ ብላ እትዬ ልጇን አስገድዳ የጀርመኑን ላፕቶፕ አስገዛችው፤ በሰውም አስላከችው። እምቢ ማለታችንን እያወቀች። ካርቶኑን ሳትከፍት ቁምሳጥኗ ውስጥ ከተተችውና ልጄን ጠርታ አሳየቻት። «የዚያ ዕድሜው አጭር ነው። የቸገረሽ ቀን ልብስሽን ይዘሽ ነይ» አለቻት።

ጳጉሜን ገባ። በጳጉሜን ሰው ሁሉ ጸበል ይጠመቃል። እትዬም ጠዋት ጠዋት ሄዳ በትልቅ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዛ ትመለስና ግቢውን፣ በሩን፣ ያንን ቆጣሪ ሳይቀር ትረጫለች። እኔም ቤቴን እረጫለሁ፤ በዚህ አልነቅፋትም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከልጄ ጋር ክር ልንገዛ ወጣን። በሩን አልቆለፍኩም። አንድ ግቢ ውስጥ እየኖሩ በር መቆለፍ ስድብ ነው፤ እንደዚያም ተጠላልተን አላደረግኩትም ነበር።

ስንመለስ በሬ ተከፍቷል። እትዬ ነጠላዋን አጣፍታ ጠረጴዛው አጠገብ ቆማለች። ጠርሙሱ በእጇ ነው። ቻርጅ ላይ የተውነው ላፕቶፕ ክዳኑ ተነሥቷል። ኪቦርዱ ላይ ውኃ ተኝቷል።

ልጄ ጮኸች። ሮጣ ሶኬቱን ነቀለች፤ ላፕቶፑን ገለበጠችው። ውኃው በጠረጴዛው ጠርዝ ወረደ።

«በስመ አብ ብዬ ነው የረጨሁት» አለች እትዬ። «ያ ፊደል ያለበት ነገር ይባረክ ብዬ ነው።»

«ይሄ መርጨት ነው መድፋት?» አልኳት።

«ጸበል አይጎዳም! እምነት የጎደለሽ አንቺ ነሽ።»

ጸበል አይጎዳም፤ እኔም አምናለሁ። የጎዳን ጸበሉ አይደለም።

ልጄ በቀሚሷ ጠራርጋ ልታበራው ሞከረች። ብልጭ አለና ጠፋ።

«አየሽ፣ ለቀቀ!» አለች እትዬ እጇን አንሥታ። «የነበረበት ነገር ለቀቀ!»

«አክስቴ፣ የለቀቀው ቦርዱ ነው» አለች ልጄ። እንባዋ እየወረደ ነበር።

በዝናብ ዊንጌት ሰፈር ካለ የኮምፒውተር ጠጋኝ ጋ ሄድን። ጠጋኙ ከፍቶ አየው፤ ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተው። ቦርዱ መቃጠሉን፣ የዚህ ዓይነቱ ቦርድ ደግሞ እዚህ እንደማይገኝ ነገረን።

«ዋስትና የለውም?»

«አለው» አለች ልጄ። «ዱባይ።»

«እዚያም ቢሆን ለውኃ ዋስትና የለም» ብሎ መለሰልን።

ስንገባ እትዬ በረንዳዋ ላይ ወንበር አውጥታ ተቀምጣ ትጠብቀን ነበር።

«ምን አለ?»

«ሞቷል» አለቻት ልጄ።

«እንግዲህ የኔ አለልሽ። ካርቶኑ እንኳ አልተከፈተም። ልብስሽን ያዢና ነይ። እናትሽ ደግሞ ታመስግነኝ፤ እዚህ አይደለም፣ ሱቅ በር ላይ። ያዋረደችኝ እዚያ ነው፤ እዚያው ቆማ ታመስግነኝ።»

ቤት ገብተን በሩን ዘጋን። ልጄ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እማ፣ ከፈለግሽ እሄዳለሁ። ትምህርቱ እንዳይቀር።»

በዚያ ቀን ከሆነው ሁሉ የጎዳኝ ይህ ቃል ነው። እትዬ የፈለገችውን ልታገኝ ነው፤ ያውም በልጄ በራሷ አፍ።

«የትም አትሄጂም» አልኳት። «ላፕቶፑም ይገኛል።» እንዴት እንደሚገኝ ግን ገና አላወቅኩም ነበር።

ሆን ብላ አድርጋው እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። ጠርሙሱ ባዶ ነበር፤ ያንን አይቻለሁ። ልቧን የሚያውቀው እግዚአብሔር ነው። እኔ የማውቀው እጇን ነው።

በማግስቱ ጠዋት ኪዳን አድርሼ ስወጣ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ቆሜ ጀርመን ላለው ልጇ ደወልኩለት። ከእንቅልፉ ነው የቀሰቀስኩት። የሆነውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኩት።

«ለእሷው ብዬ የገዛሁት ነው፤ ውሰጂው» አለኝ።

«በስጦታ አልወስደውም፣ ልጄ። እናትህ ባጠፉት ምትክ ነው የምወስደው።»

«እንዳልሽ ይሁን» አለ። አመሰገንኩት። እሱ ይገባዋል።

ቤት ገብቼ ነጠላዬን ሳላወልቅ የተቃጠለውን ላፕቶፕ ይዤ ወደ ፊቱ ቤት ተሻገርኩ። እትዬ ሻይዋን ይዛ ተቀምጣለች።

«መጣሽ? ልጅቷስ?»

ላፕቶፑን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩት።

«ይሄ ከዛሬ ጀምሮ የእርስዎ ነው፤ ያጠፉት እርስዎ ነዎት። የልጅዎን በምትኩ ልወስድ ነው የመጣሁት። ልጄ ግን እዚህ አትገባም። ሱቅ በር ላይም አልቆምም።»

«ከቤቴ ውጪልኝ!»

«እወጣለሁ።»

ቁምሳጥኑን ራሴ ከፈትኩት። ካርቶኑ ከብርድ ልብሶቹ ሥር ነበር። አወጣሁትና ብርድ ልብሶቹን መልሼ አስተካከልኩ።

«ሌባ! ጎረቤት፣ ስሙልኝ! በጠራራ ፀሐይ ዘረፈችኝ!»

«ልጅዎን ደውለው ይጠይቁት» አልኳትና ወጣሁ።

ልጄ ካርቶኑን ስታይ ተነሥታ ቆመች። ምንም አልጠየቀችኝም፤ ጩኸቱ ሁሉን ነግሯታል። ከፍታ ግድግዳው ላይ ሰካችው፤ ያለ አዳፕተር ገባ። ጥቂት ነካካችና፣ «ሜሞሪው ያንሳል፤ ከባዱን ሥራ ዩኒቨርሲቲው ኮምፒውተር ላይ እሠራዋለሁ» አለች።

«እዚሁ ግን ታድሪያለሽ» አልኳት።

ከዚያ ለእህቴ ደወልኩ። ሥራ ላይ ነበረች፤ ሳህን ሲጋጭ ይሰማኛል። የላከችው መበላሸቱን፣ ማን እንዳበላሸውና እንዴት እንደተበላሸ ነገርኳት። እትዬን መርገም ጀመረች። ትንሽ ታገሥኳትና አስቆምኳት።

«እሱን ተይው፤ እኔ ጨርሼዋለሁ» አልኳት። «የደወልኩት ላመሰግንሽ ነው።»