ወሰንየለሽ ያልገባችበት ግቢ

ወሰንየለሽ ቦንጋ ባለው መናፈሻ በር ባለፈች ቁጥር ፊቷን ወደ ማዶ ታዞር ነበር። ቦታው መናፈሻ ከመሆኑ በፊት ወህኒ ቤት ነበር። ባሏ ፍቅሩ በቡና ጫካ ድንበር ተጣልቶ፣ ሰው ፈንክቶ የታሰረው እዚያ ነበር። እሷም እርጉዝ ሆና በየቀኑ ምሳ ታመላልስለት ነበር። ከበሩ ግን አልፋ አታውቅም፤ ስንቁን ዘቡ ተቀብሎ፣ ባዶውን ሳህን ያወጣላት ነበር። አንድ ቀን ዘቡ አልተቀበላትም።

«የዛሬውን መልሺው፣ እህቴ» አላት አንገቱን ደፍቶ። ወህኒ ቤቱ ውስጥ ተስቦ ገብቶ ኖሯል።

ልጇ ዮሀና የተወለደችው አባቷ ከተቀበረ በኋላ ነው። ወሰንየለሽ «አባትሽ ጅማ ሆስፒታል ታሞ ነው የሞተው» እያለች አሳደገቻት። የእስረኛ ልጅ እንድትባልባት አልፈለገችም።

ባለፈው ጥር ዮሀና ተዳረች። ሙሽሮቹ ፎቶ የሚነሱት መናፈሻው ውስጥ መሆኑን ወሰንየለሽ ያወቀችው መኪናው በሩ ላይ ሲቆም ነው። «እኔ እዚሁ ልጠብቃችሁ» ብትል ማን ሰምቷት። ሚዜዎቹ እየጨፈሩ፣ ክንዷን ይዘው አስገቧት።

ውስጡ ሣርና አበባ ብቻ ነው። ባሏ የሞተበትን ቦታ ለመለየት ብትዞር ብትዞር አልሆነላትም። አበባ ወደሚያጠጣው ሰው ጠጋ አለች።

«ወንድሜ፣ የእስረኞቹ መኝታ በየት በኩል ነበር?»

«እኔ ከቢታ ገነት የመጣሁት በቅርቡ ነው፣ እትዬ። አላውቅም።»

ዘወር ስትል ዮሀና ቬሎዋን ሰብስባ ከኋላዋ ቆማለች።

«ዮሀናዬ፣ እኔ እኮ...»

«አውቃለሁ፣ እማዬ። አራተኛ ክፍል እያለሁ ልጆች ሲሰድቡኝ ነው የሰማሁት።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽኝ?»

«አንቺ ዝም ስትዪ ጊዜ፣ ባነሳው የምትታመሚብኝ መሰለኝ። ዛሬ ግን አባቴ የነበረበት ቦታ ሳልቆም መዳር አልሆነልኝም።»

ወሰንየለሽ ሸክሙ ሊቀልላት ይገባ ነበር። የታየቻት ግን ሙሽራዋ አይደለችም፤ ተሰድባ ከትምህርት ቤት የገባችው፣ የቀረበላትን ራት አንገቷን ደፍታ የበላችው ትንሿ ልጅ ናት። አጠገቧ ተኝታ ስንት ጊዜ ብቻዋን አልቅሳ ይሆን? ልታቅፋት ስትል ፎቶ አንሺው ቀደማት።

«ሙሽሪት፣ ሜካፑ እንዳይበላሽ! ፀሐይዋ ሳትሄድብን!»

ሚዜዎቹ ዮሀናን ይዘዋት ሄዱ። ወሰንየለሽ ሣሩ ላይ ብቻዋን ቀረች።

ዮሀና አሁን ከባሏ ጋር ደካ ከተማ ትኖራለች። እናትና ልጅ ያንን ነገር ደግመው አላነሱትም። ስልክ ሲደዋወሉ ስለ ዝናቡ ያወራሉ፣ ከዚያ ይዘጉታል።